ስም የሌለው ጀሪካን

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቤበቃ ወይም ወደ ቴፒ የሚወጣ ሞተረኛ ቤንዚን የሚያገኝበት ሁለት ቦታ አለው። ማደያው ካለው ተሰልፎ ከማደያ ይቀዳል፤ ማደያው ካለቀበት መንገድ ዳር በሃይላንድ ከተደረደረው ይገዛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው እሱ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ስለ ነዳጅ የተነሣው ሙግት ሁሉ የዋጋና የእጥረት ሙግት ነበር፤ ሰልፉ ስንት ቀን ፈጀ፣ ጥቁር ገበያው ስንት ገባ፣ ባጃጁ ታሪፍ ለምን ጨመረ። እኔ ማንሣት የፈለግሁት ከዚህ ሁሉ ጀርባ ተሸፍኖ የቀረውን ጥያቄ ነው። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በሌላው ዓለም «መኪናዬን የተሳሳተ ነዳጅ ሞላሁት» ሲባል የሚታሰበው የአንድ ሰው የአፍታ መዘናጋት ነው። ኤኤ የተባለው የእንግሊዝ አሽከርካሪዎች ማኅበር ለዓመታት ሲጠቅሰው በኖረው ግምት በዚያ አገር በዓመት 150 ሺህ ያህል ሰው መኪናው የማይጠጣውን ነዳጅ ይቀዳል። እዚያ አሽከርካሪው ራሱ ወርዶ ራሱ ይቀዳልና ስህተቱም የራሱ ነው። ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ለዚህ አንድ አጥር አበጅተዋል። የናፍጣ መቅጃ አፉ ወፍራም፣ የቤንዚኑ ቀጭን ስለሆነ የናፍጣው መቅጃ የዘመናዊ የቤንዚን መኪና ታንከር አንገት ውስጥ አይገባም። የቤንዚኑ ቀጭን መቅጃ ግን ናፍጣ ታንከር ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ጉዳቱ የሚከፋውም በዚሁ በኩል ነው። እኛ አገር ደግሞ ሌላ አጥር አለን፤ የሚቀዳው ቀጂው ነው። መኪና በማየት ብቻ የሚለይ፣ ሲጠራጠር «ናፍጣ ነው ቤንዚን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መቅጃውን ይዞ ቆሟል። በዚህ ሒሳብ የሚዛን አሽከርካሪ ከለንደኑ ይልቅ የተጠበቀ መሆን ነበረበት።

ጥበቃው የሚሠራው ግን ነዳጁ ከማደያ እስከመጣ ድረስ ብቻ ነው። ጀሪካን ወፍራምም ቀጭንም መቅጃ የለውም። መገልበጫ ሆኖ የሚያገለግለው ከወገቡ የተቆረጠ ሌላ ሃይላንድ ሲሆን እሱ የማይገባበት አንገት የለም። መንገድ ዳር የሚሸጠው ልጅ ያመጣለትን ነው የሚሸጠው፤ ያመጣለት ሰው ከየት እንደቀዳው፣ ጀሪካኑ ከዚያ በፊት ምን ይዞ እንደነበር የሚነግረው የለም። ስለዚህ በሚዛንና በቴፒ የተሳሳተ ነዳጅ በዋናነት የመዘናጋት ጉዳይ አይደለም የሚል አቋም አለኝ። ስህተቱን የሚፈጥሩት ርቀት፣ እጥረትና ከመሬቱ ጋር ያልተገናኘ ቁጥጥር ናቸው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በመጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ከርቀቱ እንጀምር። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ ወዲህ የኢትዮጵያ ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ነው ከውጭ የሚገባው። ጅቡቲ ይራገፋል፣ በቦቴ ይጫናል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን ሌላ 560 ገደማ፤ ቴፒ ለመድረስ ደግሞ ከሚዛን 50 ያህል ይጨመራል። ከ1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ጭነት በመንገዱ ላይ የሚነካው እጅ ብዙ ነው። ቦቴው በውስጡ በክፍል የተከፈለ በመሆኑ በአንዱ ክፍል ናፍጣ በሌላው ቤንዚን ሊጭን ይችላል፤ ትናንት ናፍጣ የያዘው ክፍልም ዛሬ ቤንዚን ሊይዝ ይችላል። ክፍሉ በደንብ ካልተንጠፈጠፈ የቀረው ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል። በማራገፊያው ሰዓት ቱቦው ከማይገባው ጉድጓድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ጥፋቱ ከሊትር አልፎ የአንድ ሙሉ ጋን ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ስህተት በየትኛውም አገር ማደያዎች የሚፈሩት ነው፤ ምክንያቱም ቀጂውም ደንበኛውም ሁሉን ነገር በትክክል አድርገው በአንድ ማለዳ ብዙ መኪና ይቆማል።

እጥረት ራሱ ነዳጅ እንደሚያበላሽ ግን ብዙ አይነገርም። የማደያ ጋን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቀመጣል። ውሃ ከናፍጣም ከቤንዚንም ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ዝገቱና ደለሉም አብሮት ይተኛል። የመምጠጫው ቱቦ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚተከለው ይህን ላለመንካት ነው። ጋኑ ዘወትር ሞላ ብሎ ቢውል ዝቃጩ ከነበረበት አይነሣም። ነገር ግን ቦቴ በመጣ ቁጥር በሰልፍ ተመጥጦ እስከ ጥግ የሚደርቅ ጋን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከላይ በኃይል ሲሞላበት ከሥር ይታመሳል። እንደ ጠላ ጋን የኋለኛው ቀጂ የሚደርሰው አተላው ነው። ባዶ የቆየ ጋን ውስጥ የገባ እርጥብ አየርም ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃነት ይለወጣል። አካባቢውም በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፤ ቴፒና ሚዛን በዓመት ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባቸዋል። የጋን ክዳን ጎማ ትንሽ ካረጀ ክረምቱ መንገዱን ያገኛል። እንግዲህ ቀናት ተሰልፎ መጨረሻ ላይ የደረሰው ባለ ባጃጅ በሕጋዊ ዋጋ፣ በሕጋዊ ማደያ፣ በሕጋዊ ክፍያ ውሃ ያለበት ቤንዚን ሊቀዳ ይችላል። ማንም አላጭበረበረውም፤ የጎዳው እጥረቱ ነው።

ማጭበርበሩ የሚጀምረው ከዋጋው ጋር ነው። እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም፣ ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ድጎማው በሂደት መነሣት ጀመረ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ የታለመ ድጎማ በቴሌብር እንዲያገኙ ተደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልሎች ተሻገረ። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ደግሞ እኩል 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኑ። ጭማሪው ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ቤንዚን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ወጣ ማለት ነው።

በዚህ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አንድ ብልህ ነገር አለ፤ ነጭ ጋዝና ናፍጣ እኩል መሆናቸው። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ በረከሰበት አገር ሁሉ የሚሆነው አንድ ነው፤ ነጋዴው ይቀላቅላል። ኬንያ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በእያንዳንዱ ሊትር ነጭ ጋዝ ላይ 18 ሽልንግ የጣለችው ድሃውን ለመጉዳት ብላ አልነበረም፤ ነጭ ጋዙ በናፍጣ ታንከር ውስጥ እያለቀ ስለነበር ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነጭ ጋዝ ከቀረጥ ነፃ በመሆኑ ናፍጣ ውስጥ እየተጨመረ ሲሸጥ መንግሥት ናሙና እየወሰደ ማደያዎችን እስከማጋለጥ ደርሷል። እኛ ዋጋውን በማስተካከል ያንን በር ዘግተናል። ቤንዚንና ናፍጣም በዚያ ዝርዝር በጥቂት ብር ብቻ ስለሚለያዩ በታሪፉ የሚሸጥ ማደያ አንዱን በሌላው አበርዞ የሚያተርፈው ይህ ነው የሚባል አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን በታሪፉ ለሚሸጥ ሰው ነው። መንገድ ዳር ያለው ቤንዚን በታሪፍ አይሸጥም፤ እጥረቱ ሲጠና ከታሪፉ እጥፍና ከዚያ በላይ ይገባል። በዚህ ዋጋ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ከአምስት ሊትር ቤንዚን አንዱን በነጭ ጋዝ የተካ ሻጭ በዚያ በ2017ቱ የገና ዋጋ ቢሰላ ሁለት መቶ ብር የሚደርስ ነገር በመቶ ብር ነገር ተካ ማለት ነው፤ በውሃ ቢተካው ደግሞ በነፃ። ገዢው የቸኮለ፣ ሌላ ምርጫ የሌለው፣ ተመልሶ ለመክሰስም የማይመቸው ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ የተሰላ የዋጋ ጥበብ ቤበቃ መገንጠያ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል።

ጀሪካኑን ራሱን ደግሞ እናስብ። በአካባቢው ቤት ሁሉ ያለው ቢጫው፣ ባለ 20 ሊትሩ፣ የዘይት ጀሪካን ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፣ ጠላ ይጓጓዝበታል፣ ማር ይያዝበታል፣ ናፍጣ ይገዛበታል፣ ቤንዚን ይሸጥበታል። አሜሪካኖች ለቤንዚን ቀይ፣ ለናፍጣ ቢጫ፣ ለነጭ ጋዝ ሰማያዊ ጀሪካን የለመዱት የተለየ ጥበብ ኖሯቸው አይደለም፤ ሰው በጨለማ ጓዳ ውስጥ በችኮላ ጀሪካን እንደሚያነሣ ስለሚያውቁ ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም ቢጫ ነው። ከውስጡ የቀረው ዘይት፣ የቀረው ውሃ፣ የቀረው ናፍጣ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳያጭበረብር ነዳጁ ይበላሻል። እንዲያውም ከተንኮሉ ይልቅ ይህ ያለ ተንኮል የሚደርሰው መበላሸት ይበልጣል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የሚከተለው ጉዳት እንደ ሞተሩ ይለያያል። የቤንዚን ሞተር ውስጥ ናፍጣ ከገባ ነገሩ ቶሎ ይታወቃል፤ ጉልበት ያጣል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይጠፋል። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ከባድ አይደለም፤ ታንከሩን ማፍሰስ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማጠብ፣ ካንዴላውን ማጽዳት ወይም መቀየር። የሚከፋው በነጭ ጋዝ በትንሹ የተበረዘው ቤንዚን ነው። ሞተሩ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ግን ያንኳኳል፣ ይግላል። ሳይቃጠል የቀረው ነጭ ጋዝ በፒስተኑ ዳር እየወረደ የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። ባለቤቱ ከወራት በኋላ ሞተር ሲያስወርድ የሚራገመው የህንድን ወይም የቻይናን ፋብሪካ ነው፤ ሃይላንዱን አያስታውሰውም።

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ናፍጣ ለሞተሩ ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ለፖምፓውና ለኢንጀክተሩ ቅባትም ነው። ቤንዚን ያንን ቅባት ያጥበዋል። ብረት ከብረት ይፋቃል፤ የተፋቀው ብናኝ በቱቦው ተጉዞ ኢንጀክተሩ ድረስ ይደርሳል። እዚህ ላይ የመኪናው ዘመን ልዩነት ያመጣል። በማጂ መስመር ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው ባለ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላንድክሩዘር፣ የወፍጮ ቤቱ ከባድ ሞተር፣ የድሮው አይሱዙ ብዙ ነገር ይታገሣሉ፤ ያጨሳሉ፣ ያንጎራጉራሉ፣ ግን ቤት ያደርሳሉ። ዛሬ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የሚነዷቸው እንደ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ያሉት አዳዲሶቹ ግን ነዳጁን ከ1 ሺህ ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጩ ናቸው፤ ውሃም ቤንዚንም ብናኝም አይችሉም። ከሃያ ዓመት በፊት በጭስ ያልፍ የነበረ ስህተት ዛሬ የፖምፓና የአራት ኢንጀክተር ወጪ ሆኖ ይመጣል፤ መለዋወጫውም ሚዛን አይገኝምና መኪናው ተጎትቶ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫውን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ከፋፍሎ ስላስቀመጠ የክልሉ ኃላፊ ሁሉ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ስብሰባ ለመሄድ የሚቃጠለው ናፍጣና የሚቆመው መኪና ተሰልቶ ቢወጣ አስተማሪ በሆነ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የቡናው ጉዳይ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት መፈልፈያ ጣቢያዎቹ ሌሊትም ይሠራሉ። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ብዙ ቦታም ጨርሶ በሌለበት አገር የመፈልፈያው ሞተርና የውሃ መሳቢያው የሚኖሩት በናፍጣ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ክምሩ ይግላል፣ መቦካት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው የታጠበ ቡና ሲቀመስ ኮምጣጣ ነው፤ ደረጃው ይወርዳል። ሞተሩ ማታ በሁለት ሰዓት ውሃ በያዘ ናፍጣ ቢቆም ፊልትሮ አውጥቶ፣ መስመሩን አፍስሶ፣ አየሩን አስወጥቶ እስኪያስነሣ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት በጆንያ የሚቆጠር ኪሳራ ነው። ባለ ጣቢያው ያለው አማራጭ ቡናውን አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ ነው፤ እሱም ዝናቡ ከፈቀደ። ሰፊው እርሻ የራሱን የነዳጅ ማጠራቀሚያ አቁሞ፣ ናሙና አስመርምሮ ሊገዛ ይችላል። ዝናቡን እያየ በኪራይ አይሱዙ በርሜል የሚያስመጣው ትንሽ የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የደረሰውን ይቀበላል። አገሪቱ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና 2 ነጥብ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች ተብሎ ሲነገር፣ ያ ገንዘብ መጀመሪያ ያለፈው በእንዲህ ዓይነት በርሜል እንደሆነ ማስታወስ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ አጭር ቢሆንም መዝለል አልፈልግም። ነጭ ጋዝ ነው ተብሎ የተሸጠ ነገር ቤንዚን ከተቀላቀለበት የሚገባው ኩራዝ ውስጥ ነው። ናፍጣ በተለመደ የክፍል ሙቀት ክብሪት ቢጠጋው በቀላሉ አይያያዝም፤ ነጭ ጋዝም እንደዚያው ይታገሣል። የቤንዚን ትነት ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜም ይቀጣጠላል። ጥቂት ቤንዚን የገባበት ነጭ ጋዝ በኩራዝ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። መኪና በጋራዥ ይታከማል፤ በሣር ቤት ውስጥ በኩራዝ ብርሃን የሚያጠና ልጅ ላይ የሚደርሰው ግን የሚታከም ላይሆን ይችላል። ቤንዚን በቤት ውስጥ ከምድጃ አጠገብ የሚያከማች ሻጭም እንዲሁ በራሱ ቤተሰብ ላይ ነው የሚፈርደው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕግ አልጎደለንም። ከአዋጅ ቁጥር 838/2006 ጀምሮ የነዳጅ አቅርቦት ቁጥጥር ሕግ አለን፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1363/2017 ደግሞ ነዳጅን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልንም ከተፈቀደው ቦታ ውጭ መሸጥንም ጠንከር ባለ እስራትና ገንዘብ የሚያስቀጣ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ ያዛል፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከማደያ ለቀዳ ሰው እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። ዲጂታል ክፍያው እዚህ ላይ የሚመሰገን ነው፤ መቼ፣ የትኛው ማደያ፣ በስንት ብር እንደቀዳ የሚያሳይ መዝገብ ስልኩ ላይ ይቀራል። ከዚህ በፊት «ከእኛ አልቀዳህም» የሚባል ሰው አሁን ማስረጃ አለው።

ከመንገድ ዳር የገዛው ግን ከሳሽ ለመሆን መጀመሪያ ነዳጁን ከየት እንደገዛ መናገር አለበት። ሲናገር ደግሞ በተከለከለ ግብይት ውስጥ መሆኑን ያምናል። ሻጩ ነገ እዚያ ቦታ አይኖርም፤ ደረሰኝ የለም፤ ምስክር የሚሆነውም ከጎኑ ያለው ሌላ ሻጭ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ነው አዲሱ አዋጅ ዓላማውን የሚስተው ብዬ የማምነው። ቅጣቱ ጀሪካኑን ከአደባባይ ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ምክንያቱም ማደያው ባዶ ሆኖ ሰው መሥራት አለበት። ጓዳ የገባ ጀሪካን ይበልጥ ይበረዛል፣ ይበልጥ ይወደዳል፣ ይበልጥ ያቃጥላል። ቁጥጥሩ ሕገወጡን ሻጭ ፈርቶ እንዲሸጥ አደረገው፤ ጥሩ ነዳጅ እንዲሸጥ ግን አላደረገውም።

የሚቃወመኝ ሰው የሚለው ይገባኛል። በሚዛን በኩል የሚወጣ ነዳጅ ወደ ዲማ የወርቅ ቁፋሮ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ድንበር ይሄዳል፤ ጀሪካንን ትንሽ ከፈቀድንለት ኮንትሮባንዱ በሕጋዊ ስም ይነግዳል ይላል። ሥጋቱ እውነት ነው። ሆኖም አሁንም ቢሆን ጀሪካን ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ ወፍጮ ቤት፣ የቡና መፈልፈያና ጄኔሬተር ያለው ሰው ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ በበርሜል ይቀዳል። ደብዳቤው ሊትሩን ይጽፋል፤ ማን እንደሚወስደው ይጽፋል። በምን ዕቃ እንደሚወሰድ፣ ዕቃው ለዚያ ነዳጅ ብቻ የተለየ መሆን እንዳለበት ግን አይጠይቅም። ይህን አንድ መስመር ለመጨመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ለናፍጣ አንድ ቀለም፣ ለቤንዚን ሌላ ቀለም፣ በላዩ የጽሕፈት ቤቱ ቁጥር፤ ቁጥር የሌለውን ቀጂው አይሞላም።

ከዚህ ከፍ ያለው ጉዳይ ማደያ የሌላቸው መንገዶች ናቸው። ወደ ጉራፈርዳ፣ ወደ ማጂ፣ ከቴፒ ወደ ገጠሩ ቀበሌዎች በሚወስዱት መስመሮች ላይ ሞተር ሳይክል ነፍሰ ጡር ያመላልሳል፣ መምህር ያደርሳል፣ ቡና ገዢውን ገበያ ያስገባል። ለእነዚህ መስመሮች ፈቃድ ያላቸው፣ በብረት በርሜል የሚሸጡ፣ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ ያስቀመጡ፣ ከአንድ ከታወቀ ማደያ ብቻ የሚረከቡ አነስተኛ ሻጮች ቢፈቀዱ ዋጋው ከታሪፉ ጥቂት ብር ከፍ ሊል ይችላል። ከእጥፍ ግን ያንሳል፤ የሚጠየቅበትም ሰው ይኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ወደፊቱ የኤሌክትሪክ ነው ተብሎ ነበር፤ ለአዲስ አበባ ይሁን። መብራት ሳምንት የሚጠፋበት ቀበሌ ላይ ያለ ሞተረኛ ግን ገና ለብዙ ዓመት ቤንዚን ይቀዳል።

ማደያዎቹም ቢሆኑ በአንድ ቀላል ነገር ሊጀምሩ ይችላሉ። ቤንዚን በሊትር ከ720 እስከ 775 ግራም ይመዝናል፤ ናፍጣ ከ820 እስከ 860 ገደማ፤ ነጭ ጋዝ በመካከላቸው ነው። ይህን የሚለካው የመስታወት መለኪያ ርካሽ ነው፤ ቦቴ በመጣ ቁጥር ተለክቶ ውጤቱ ከዋጋ ሰሌዳው አጠገብ ቢለጠፍ ደንበኛው የሚቀዳውን ያውቃል። በጋኑ ሥር ውሃ መኖሩን የሚያሳየው የመለያ ቅባትም ለባለሙያው አዲስ ነገር አይደለም። የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በየወሩ ናሙና ወስደው ቢለኩ ለትምህርታቸውም ለከተማውም ይበጃል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና የክልሉ ንግድ ቢሮ ደግሞ ቤንዚን ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ መቼና ስንት ሊትር እንደተላከ አስቀድመው ቢያስታውቁ ከማንኛውም ዘመቻ ይበልጥ ጥቁር ገበያውን ያዳክማል፤ ነገ ቦቴ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ዛሬ በእጥፍ አይገዛም።

እስከዚያው ድረስ ለአንባቢ የምለው አጭር ነው። የተሳሳተ ነዳጅ እንደተቀዳ ከማደያው ሳይወጡ ካወቁ ቁልፉን አይንኩ፤ ሞተሩን ማስነሣት ነዳጁን እስከ ኢንጀክተር ድረስ መጋበዝ ነው። በእጅ ገፍተው ዳር ያውጡት፣ ታንከሩን ያስፈስሱ፣ ፊልትሮውን ያስቀይሩ። በጉዞ ላይ ካወቁም አጥፍተው ይቁሙ፤ «ትንሽ ነው፣ በሌላ ነዳጅ ይቀጥናል» የሚለውን የመንገድ ምክር ለአዲስ መኪና አይስሙ። ከመንገድ ዳር ለመግዛት ከተገደዱ ጥቂት ጠብታ በመዳፍዎ ይሹ፤ ቤንዚን ከሆነ ቀዝቅዞ ወዲያው ይደርቃል፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ካለበት እጅዎ ላይ ቅባት ይቀራል። ሃይላንዱን ለትንሽ ጊዜ ሳያንቀሳቅሱ ያቁሙትና ከሥሩ ውሃ መለየቱን ይመልከቱ። ከማደያ ከቀዱ ደግሞ የክፍያ መልእክቱን አይሰርዙ፤ መኪናው ከቆመ ከታንከሩ ግማሽ ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ምስክር ባለበት አሽገው ያስቀምጡ። ለካሣ የሚያበቃዎ ያ ጠርሙስ ነው።